ከማይክሮኮንትሮለር በሲሪያል የሚመጣን ዳታ በፓይተን ፕሮግራም መቀበል

ማይክሮኮንትሮለሩ የሚልከው ቁጥር በሲሪያል ሞኒተር (በፖርቱ የደረሰውን ጽሑፍ በሚያሳየው መስኮት) ሲታይ ቁልጭ ብሎ ይወርዳል። ያንኑ ፖርት በራሳችሁ ፕሮግራም ስትከፍቱት ግን አንዱ መስመር ከወገቡ ተቆርጦ፣ ሌላው ከተከታዩ ጋር ተጣብቆ ይመጣል፤ አንዳንዴም ጭራሽ ምንም አይመጣም። ቦርዱ ስለተበላሸ አይደለም። ሲሪያል ፖርት የሚያውቀው ባይት ብቻ ነው። መልእክት የት ጀምሮ የት እንደሚያልቅ፣ ቁጥሩ ሙቀት ይሁን ፍጥነት፣ መንገድ ላይ የጠፋ ባይት ይኑር አይኑር አያውቅም። ድንበሩን የምታበጁት እናንተ ናችሁ፤ ያውም በላኪውም በተቀባዩም በኩል።

ምሳሌያችን ይህ ነው፦ ማይክሮኮንትሮለሩ ሙቀትና እርጥበት አንብቦ «23.75,48.10» ብሎ ይልካል፤ ኮምፒውተሩ ላይ ያለ የፓይተን ፕሮግራም ተቀብሎ ፋይል ላይ ይጽፋል። በሌላ ቋንቋ ብትጽፉም አካሄዱ አይለወጥም፤ የሚለወጥበትን ቦታ እግረ መንገዳችንን እናነሳለን።

ሽቦው

ዩኤስቢ ያለው ቦርድ ከሆነ ሥራው ኬብል መሰካት ብቻ ነው። ወጥመዱ ኬብሉ ራሱ ነው። ለቻርጅ ብቻ የተሠራ ኬብል ውስጡ የዳታ ሽቦ የለውም፤ የቦርዱ መብራት ይበራል፣ ኮምፒውተሩ ግን አዲስ ፖርት አያሳይም። ድራይቨር ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት ኬብል ቀይራችሁ ሞክሩ።

ባዶ ቺፕ ወይም ዩኤስቢ የሌለው ቦርድ ከሆነ ዩኤስቢን ወደ ሲሪያል የሚቀይር አዳፕተር ያስፈልጋል። አብዛኞቹ ኤፍቲ232፣ ሲኤች340 ወይም ሲፒ2102 የሚባሉ ቺፖችን የያዙ ናቸው። አገናኙ ተሻጋሪ ነው፤ የማይክሮኮንትሮለሩ ቲኤክስ (መላኪያ ፒን) ወደ አዳፕተሩ አርኤክስ (መቀበያ ፒን)፣ የማይክሮኮንትሮለሩ አርኤክስ ወደ አዳፕተሩ ቲኤክስ ይሄዳል፤ ግራውንድ ግን ከግራውንድ ጋር። መቀበል ብቻ ከሆነ የምትፈልጉት፣ ከማይክሮኮንትሮለሩ ቲኤክስ የሚወጣው ሽቦና ግራውንዱ ይበቃሉ። ግራውንዱን «ሁለቱም የየራሳቸው ኃይል አላቸው» ብላችሁ አትዝለሉት። ቮልቴጅ የሚለካው ከጋራ ዜሮ ነው፤ ያ ከሌለ እጃችሁን ስታስጠጉ የሚሠራ፣ ስታነሱ የሚጠፋ ግንኙነት ታገኛላችሁ።

ቀጥሎ የቮልቴጅ ጉዳይ አለ። ኢኤስፒ32ን የመሰለ በ3.3 ቮልት የሚሠራ ቺፕ ፒኑ ላይ 5 ቮልት እንዲመጣበት አልተሠራም። አዳፕተሩ 5 ቮልት የሚያወጣ ከሆነ፣ ከአዳፕተሩ ቲኤክስ ተነስቶ ወደ ቺፑ አርኤክስ በሚሄደው መስመር ላይ 1 ኪሎ ኦም ሬዚስተር አስገቡ፤ ከአርኤክሱ ወደ ግራውንድ ደግሞ 2 ኪሎ ኦም አድርጉ። 5 ቮልቱ ወደ 3.33 ይወርዳል። በተቃራኒው አቅጣጫ፣ የ3.3 ቮልት ቺፕ በ5 ቮልት ለሚሠራ ኤቲሜጋ328ፒ (በብዙ አርዱዊኖ ቦርዶች ላይ ላለው ቺፕ) ሲልክ፣ ተቀባዩ «አንድ» ብሎ የሚቆጥረው ከአቅርቦቱ 60 በመቶ ማለትም ከ3 ቮልት ጀምሮ ስለሆነ ያልፋል፤ የሚተርፈው ህዳግ ግን ትንሽ ነው።

በድሮ ኮምፒውተሮች ጀርባ ያለው ባለ 9 ፒን ሶኬት ሌላ ነገር ነው። እሱ አርኤስ232 ነው፤ ከ3 እስከ 15 ቮልት በሚደርስ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ቮልቴጅ ይሠራል፤ ዜሮና አንዱም የተገለበጡ ናቸው። ማክስ3232ን የመሰለ ቀያሪ ቺፕ መሃል ሳይገባ ከማይክሮኮንትሮለር ጋር በቀጥታ አታያይዙት። ቺፑ ይቃጠላል።

አዳፕተሩን ብቻውን መፈተን ቀላል ነው። ሌላውን ሁሉ ነቅላችሁ የራሱን ቲኤክስና አርኤክስ በአጭር ሽቦ አገናኙ፤ ከዚያ በማንኛውም ተርሚናል ፕሮግራም ፊደል ጻፉ። የጻፋችሁት ተመልሶ ከመጣ ኬብሉም፣ ድራይቨሩም፣ አዳፕተሩም ደህና ናቸው፤ ችግሩን ከሽቦው ማዶ ፈልጉ። ተርሚናሉ የተጻፈውን በራሱ የሚያሳይበት ቅንብር ካለው መጀመሪያ አጥፉት፤ አለዚያ ያታልላችኋል።

ፍጥነቱ

የተለመደው ቅንብር 8ኤን1 ይባላል፦ 8 የዳታ ቢት፣ ፓሪቲ (የስህተት መፈተሻ ቢት) የለም፣ 1 የማቆሚያ ቢት። መስመሩ ሥራ ሲፈታ ቮልቴጁ ከፍ ብሎ ይቆያል፤ አንድ ባይት ሲጀምር ለአንድ ቢት ያህል ይወርዳል፤ ከዚያ 8ቱ ቢቶች ከትንሹ ጀምረው ይከተላሉ፤ በመጨረሻ መስመሩ ተመልሶ ከፍ ይላል። ስለዚህ አንድ ባይት መስመሩ ላይ 10 ቢት ነው። በ9600 ባውድ (በሰከንድ 9600 ቢት) በሰከንድ 960 ባይት፣ በ115200 ደግሞ 11520 ባይት ያልፋል ማለት ነው። ይህን ስሌት ያዙት፤ በኋላ እንመለስበታለን።

በሁለቱ መካከል የሰዓት ሽቦ የለም። ተቀባዩ የመጀመሪያውን መውረድ ሲያይ የራሱን ሰዓት መቁጠር ይጀምርና እያንዳንዱን ቢት መሃሉ ላይ ያነባል። የመጨረሻው ንባብ የሚደረገው ከመነሻው 9 ቢት ተኩል ርቆ ነው፤ እዚያ ሲደርስ የሁለቱ ሰዓት ልዩነት ተጠራቅሞ ግማሽ ቢት ካለፈ የጎረቤቱን ቢት ያነባል። ይህም በጥቅሉ 5 በመቶ ገደማ ነው። በተግባር በእያንዳንዱ ወገን ከ2 በመቶ በላይ ስህተት ባይኖር ይመረጣል።

ይህ የወረቀት ላይ ሂሳብ ብቻ አይደለም። ኤቲሜጋ328ፒ በ16 ሜጋኸርዝ ክሪስታል 115200ን በትክክል ማውጣት አይችልም። ሰዓቱን በሙሉ ቁጥር ብቻ ስለሚያካፍል በመደበኛው ስልት የሚደርስበት 111111 ነው፤ 3.5 በመቶ ይጎድላል። በእጥፍ ፍጥነት ስልት ደግሞ 117647 ነው፤ 2.1 በመቶ ይበልጣል። 250000 እና 500000 ግን ከ16 ሜጋኸርዝ ላይ ያለ ቅሪት ይወጣሉ፤ ስለዚህ ቁጥሩ ከፍ ያለ ቢመስልም ከ115200 ይልቅ እነሱ ንጹህ ናቸው። ቺፑ ያለ ክሪስታል በውስጣዊው ኦሲሌተር (ሰዓት ሰጪ) የሚሠራ ከሆነ ከፋብሪካ ሲወጣ ስህተቱ እስከ 10 በመቶ ሊሆን ይችላል፤ ከሙቀቱ ጋርም ይዋልላል። ጠዋት ደህና ሲሠራ የነበረ ነገር ከሰዓት ዝብርቅርቅ ፊደል ካወጣ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

ዝብርቅርቅ ፊደል ሲመጣ ባውዱን በግማሽና በእጥፍ ሞክሩት። 9600 ብላችሁ የጻፋችሁት በ4800 ንጹህ ሆኖ ከተነበበ ኮዱ ለ16 ሜጋኸርዝ ተዘጋጅቶ ቺፑ በ8 እየሮጠ ነው። ኢኤስፒ8266 ሲነሳ ብቻ ጥቂት የማይነበብ ነገር አውጥቶ ወዲያው የሚስተካከል ከሆነ ደግሞ ብልሽት አይደለም፤ የመነሻ መልእክቱን የሚልከው በ74880 ስለሆነ ነው።

ፖርቱን ማግኘትና መክፈት

ዊንዶውስ ላይ ፖርቱ «ኮም3»፣ «ኮም7» የመሰለ ስም ይኖረዋል፤ በዲቫይስ ማኔጀር ይታያል። ሊነክስ ላይ በአዳፕተር ቺፕ የሚመጣው «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 0»፣ አርዱዊኖ ኡኖና የራሳቸው ዩኤስቢ ያላቸው ቺፖች ደግሞ «ቲቲዋይ ኤሲኤም 0» ይባላሉ። ማክ ላይ አንዱ ቦርድ በሁለት ስም ይመጣል፤ አንዱ በ«ቲቲዋይ»፣ ሌላው በ«ሲዩ» ይጀምራል። ሁለተኛውን ተጠቀሙ፤ የመጀመሪያው ሲከፈት ከሞደም የሚመጣ ምልክት እየጠበቀ ሊንጠለጠል ይችላል።

ሊነክስ ላይ «ፈቃድ የለም» የሚል ስህተት ከመጣ ፕሮግራሙን በአስተዳዳሪ ሥልጣን ማስኬድ መፍትሔ አይደለም። የተጠቃሚ ስማችሁን በዴቢያንና በኡቡንቱ «ዲያልአውት» ወደሚባለው ቡድን ጨምሩና ከሲስተሙ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ፤ ሳትወጡ አይሠራም። ኡቡንቱ 22.04 ላይ ሲኤች340 ያለው ቦርድ ሲሰካ ፖርቱ ብቅ ብሎ ወዲያው ከጠፋ፣ ጥፋተኛው ለዓይነ ስውራን የብሬይል ማሳያ የሚያገለግለው «ቢአርኤልቲቲዋይ» የተባለ አገልግሎት ነው፤ ቺፑን የብሬይል መሣሪያ መስሎት ይነጥቃችኋል። የብሬይል ማሳያ የማትጠቀሙ ከሆነ አስወግዱት። ሞደም ማኔጀር የሚባለው ደግሞ አዲስ ፖርት ሲያይ ሞደም እንደሆነ ለማጣራት ትእዛዝ ይልክበታል፤ ቦርዱ በተሰካ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች ያልላካችሁት ፊደል የሚደርሰው በዚህ ነው።

ፖርት የአንድ ፕሮግራም ብቻ ነው። ሲሪያል ሞኒተሩ ክፍት ሆኖ የእናንተ ፕሮግራም ሊከፍተው ቢሞክር ዊንዶውስ ይከለክላል። ሊነክስ ላይ የባሰ ነው፤ ሁለቱም ሊከፍቱትና ባይቶቹን ሊሻሙ ይችላሉ፤ አንዱ ጋ ግማሹ፣ ሌላው ጋ ግማሹ ይደርሳል። ሞኒተሩን ዝጉ።

የፓይተኑ ላይብረሪ «ፓይሲሪያል» ይባላል፤ ኮድ ውስጥ ሲጠራ ግን ስሙ «ሲሪያል» ብቻ ነው። ከዚህ ሁለት ስህተት ይወለዳል። አንደኛ፣ «ሲሪያል» የሚባል ሌላ ፓኬጅ አለ፤ በስህተት እሱን ብትጭኑ ያለ ቅሬታ ይጫንና በኋላ ፖርት መክፈቻው «የለም» ይላችኋል። እሱን አራግፋችሁ ፓይሲሪያልን ጫኑ። ሁለተኛ፣ የራሳችሁን ፋይል «ሲሪያል» ብላችሁ ከሰየማችሁት ፓይተን ላይብረሪውን ትቶ የእናንተን ፋይል ያነባል፤ ውጤቱ ያው ነው።

ሲከፈት ሦስት ነገር ትሰጡታላችሁ፦ የፖርቱን ስም፣ ባውዱንና ታይምአውቱን። ታይምአውት ካልሰጣችሁ ባይት እስኪመጣ ለዘላለም ይጠብቃል፤ ገመዱ ቢላላ ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ይቀራል። 1 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው።

አርዱዊኖ ኡኖ ፖርቱ ሲከፈት ራሱን ያስነሳል። የዲቲአር ምልክት (ኮምፒውተሩ ፖርቱን ሲከፍት የሚያነሳው መስመር) በ100 ናኖፋራድ ካፓሲተር በኩል ሪሴት ፒኑን ለቅጽበት ስለሚስበው ነው። ከዚያ ቡትሎደሩ (ቺፑ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሮጠው ትንሽ ፕሮግራም) አዲስ ኮድ ይመጣ እንደሆነ ጥቂት ይጠብቃል። ፖርቱን ከፍታችሁ ወዲያው ትእዛዝ ብትልኩለት የሚሰማው የለም። 2 ሰከንድ ጠብቁ፤ ከዚያ የመቀበያ ባፈሩን (የደረሱ ባይቶች እስኪነበቡ የሚቆዩበትን ቦታ) ጥረጉ። ሪሴቱን ጨርሶ ማስቀረት ከፈለጋችሁ በሪሴትና በግራውንድ መካከል 10 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር ማድረግ ይቻላል፤ ኮድ ስትጭኑ ግን መንቀል አለባችሁ።

ሊዮናርዶና ፒኮን የመሰሉ የራሳቸው ዩኤስቢ ያላቸው ቦርዶች ጸባያቸው ይለያል። ፖርቱ ሲከፈት አይነሱም፤ ባውዱም ለይስሙላ ነው፤ የፈለጋችሁትን ብትጽፉ ይሠራል። ከ1200 ግን ራቁ፤ ሊዮናርዶ በ1200 ተከፍቶ ሲዘጋ ቡትሎደር ውስጥ ይገባል። ብዙዎቹ ደግሞ ዲቲአር ካልተነሳላቸው ማንም የማይሰማቸው መስሏቸው ዝም ይላሉ። ፓይሲሪያል ዲቲአርን በራሱ ያነሳል። በሲሻርፕ የምትጽፉ ከሆነ ግን የዶትኔት ሲሪያል ፖርት ሲጀምር ዲቲአሩ ጠፍቶ ነው፤ «በሞኒተር ይመጣል፣ በእኔ ፕሮግራም አይመጣም» የሚለው ቅሬታ ብዙ ጊዜ መልሱ እዚህ ነው። አብሩት።

ላኪው ምን ይላክ

ከተቀባዩ በፊት ላኪውን አስተካክሉ፤ በላኪው ላይ የሚጨመር አንድ መስመር ኮድ በተቀባዩ ላይ ሃያ መስመር ያድናል። በሰከንድ ጥቂት አስር ንባብ ብቻ ከሆነ በጽሑፍ ላኩ፤ በዓይን ይነበባል፣ ሲበላሽም ይታያል። አንድ ንባብ አንድ መስመር፣ በመካከል ነጠላ ሰረዝ፣ መጨረሻ ላይ የመስመር ማብቂያ፣ ማለትም ባይት 10። የአርዱዊኖው የመስመር ማተሚያ ትእዛዝ («ፕሪንትላይን») ከ10 በፊት 13ንም ይልካል፤ ተቀባዩ ይጣለው።

አሁን ወደ ስሌቱ። «23.75,48.10» 11 ፊደል ነው፤ ከ13 እና ከ10 ጋር 13 ባይት። በ9600 ባውድ 13.5 ሚሊሰከንድ ይፈጃል፤ ስለዚህ በሰከንድ ከ73 መስመር በላይ አይሄድም። በየ10 ሚሊሰከንዱ ላኩ ብትሉት አርዱዊኖ ላይ ያለው 64 ባይት የመላኪያ ባፈር ይሞላና ማተሚያው ቦታ እስኪለቀቅ ቆሞ ይጠብቃል። ዳታ አይጠፋም፤ የሚጠፋው የናሙናው ጊዜ ነው፤ ሉፑ በሙሉ በሲሪያሉ ፍጥነት መራመድ ይጀምራል። ባውዱን ከፍ ማድረግ ብቻውን ይፈታዋል።

ጊዜው የሚያስጨንቃችሁ ከሆነ የጊዜ ማህተሙን ማይክሮኮንትሮለሩ ራሱ ያድርግ። ኮምፒውተሩ ጋ ሲደርስ የሚለጠፍ ሰዓት አይታመንም፤ አዳፕተሮች ባይቶችን አጠራቅመው ነው በዩኤስቢ የሚልኩት። የኤፍቲዲአይ (የኤፍቲ232 አምራች) ቺፕ ሲጀምር የሚጠብቀው 16 ሚሊሰከንድ ነው፤ በቅንብሩ እስከ 1 ማውረድ ይቻላል። በየ5 ሚሊሰከንዱ የተላኩ ሦስት ንባቦች በአንድ ቅጽበት የደረሱ መስለው ሊታዩ የሚችሉት በዚህ ነው። የአርዱዊኖው የሚሊሰከንድ ቆጣሪ በ49.7 ቀን፣ የማይክሮሰከንዱ ደግሞ በ71.6 ደቂቃ ወደ ዜሮ እንደሚመለስ አትርሱ።

ቀጥሎ የመፈተሻ ቁጥር ጨምሩ። መስመር ላይ ያሉትን ባይቶች በሙሉ በኤክስኦር (ሁለት ቁጥሮችን ቢት በቢት አነጻጽሮ በሚለያዩበት ቦታ 1 በሚያደርግ ስሌት) ማያያዝ በቂ መነሻ ነው። «23.75,48.10» ፊደሎቹ በአስኪ 50፣ 51፣ 46፣ 55፣ 53፣ 44፣ 52፣ 56፣ 46፣ 49፣ 48 ናቸው፤ ከዜሮ ተነስታችሁ አንድ በአንድ ኤክስኦር ስታደርጓቸው 34 ይወጣል። ስለዚህ የሚላከው «23.75,48.10*34» ነው። የጂፒኤስ መሣሪያዎች መስመርም በዚሁ ዘዴ ነው የሚፈተሸው፤ እነሱ ቁጥሩን በሄክሳዴሲማል ይጽፉታል።

ይህ ለምን አስፈለገ? ፕሮግራሙ የተከፈተው መስመሩ መሃል ላይ ሳለ ቢሆን የመጀመሪያው የሚደርሰው «3.75,48.10» ሊሆን ይችላል። ሁለት ቁጥር አለው፣ ሰረዝ አለው፣ ስህተት አያወጣም፤ ፋይሉ ላይ 3.75 ዲግሪ ብሎ ይመዘገባል። ነጥቡ ከጠፋ ደግሞ 2375 ዲግሪ ነው፤ ይህ እንኳ ያስታውቃል። አደገኛው የሚመስለው ነው። የመጀመሪያው 50 ከጎደለ ኤክስኦሩ 34 ሳይሆን 16 ስለሚሆን መስመሩ ይጣላል። ኤክስኦር ሁሉን አይዝም፤ ሁለት ባይቶች ቦታ ቢቀያየሩ ወይም አንድ ዓይነት ሁለት ባይት ቢጠፋ አያይም። ዳታው ማሽን የሚያንቀሳቅስ ከሆነ ባለ 16 ቢት ሲአርሲ (ጠንከር ያለ የመፈተሻ ቁጥር) ተጠቀሙ።

ተቀባዩ

ብዙ ሰው የሚጀምረው በ«ሪድላይን» ነው፤ እስከ ባይት 10 ያነብና ይሰጣል። ለሙከራ ጥሩ ነው። ችግሩ ታይምአውቱ መስመሩ መሃል ላይ ካለቀ እስካሁን የመጣውን ቁራጭ እንደ ሙሉ መስመር አስመስሎ ይሰጣችኋል፤ ቀሪው በሚቀጥለው ጥሪ ይመጣል። አንድ መስመር ሁለት ቦታ ይቀደዳል።

ጠጋ ብለን እንየው። ከፖርቱ ላይ የተነበቡ አራት ተከታታይ ቁራጮች ይህን ሊመስሉ ይችላሉ (⏎ የመስመር ማብቂያው ነው)፦

«.10*34⏎23.7»
«5,48.»
«10*34⏎23.75,48.10*34⏎2»
«3.81,48.05»

የመጀመሪያው ጅራትና ጭንቅላት ነው፣ ሁለተኛው ሆድ ብቻ ነው፣ ሦስተኛው ሁለት መስመር ጨርሶ ሦስተኛውን ጀምሯል፣ አራተኛው ገና አላለቀም። ባይቶቹ ቅደም ተከተላቸውን ጠብቀው ይደርሳሉ፤ ቁራጮቹ የት ላይ እንደሚቆረጡ ግን ከመልእክቱ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም። ስለዚህ የራሳችሁ ማጠራቀሚያ ያስፈልጋችኋል፦

ማጠራቀሚያ = ባዶ
ፖርቱን ክፈት፣ 2 ሰከንድ ጠብቅ፣ የመቀበያ ባፈሩን ጥረግ
ሳታቋርጥ ድገም፦
    አዲስ = የደረሰውን ሁሉ አንብብ፤ ምንም ከሌለ 1 ባይት ጠብቅ
    አዲስን ከማጠራቀሚያ ጅራት ቀጥል
    ማጠራቀሚያ ውስጥ ባይት 10 እስካለ ድረስ፦
        እስከ መጀመሪያው ባይት 10 ያለውን ቆርጠህ አውጣ
        የወጣውን ለመርማሪው ስጥ
    ማጠራቀሚያ ከ200 ባይት በላይ ከሆነ ባዶ አድርግ

«የደረሰውን ሁሉ አንብብ» የሚለው በፓይሲሪያል ሲጻፍ፣ የሚነበበው ብዛት ከ1 እና ከ«ኢን ዌይቲንግ» የሚበልጠው ነው። 1 የተጨመረው በምክንያት ነው፤ ኢን ዌይቲንግ ዜሮ ሲሆን ዜሮ ባይት አንብብ ብትሉት ሳይጠብቅ ይመለሳል፤ ሉፑ በባዶ እየተሽከረከረ አንድ የፕሮሰሰር ኮር ሙሉ በሙሉ ይበላል። ማራገቢያው ሲጮህ ምክንያቱ ይህ ነው። የ200 ባይቱ ገደብ ደግሞ ባውዱ ተሳስቶ 10 የሚባል ባይት ጨርሶ በማይመጣበት ጊዜ ማጠራቀሚያው ሜሞሪ እስኪሞላ እንዳያብጥ ነው።

መርማሪው መስመሩን ሲቀበል ጅራቱ ላይ 13 ካለ ይጥላል፤ ኮከቡን ይፈልጋል፤ ከኮከቡ በፊት ያሉትን ባይቶች ኤክስኦር አድርጎ ከኋላው ካለው ቁጥር ጋር ያስተያያል። ካልገጠመ ይጥለውና የተጣሉትን መቁጠሪያ በአንድ ይጨምራል። ከገጠመ ብቻ ወደ ጽሑፍ ይቀይረዋል፣ በሰረዝ ይከፍለዋል፣ ሁለት ክፍል መሆኑን ያረጋግጣል፣ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። ቅደም ተከተሉ ትርጉም አለው። የደረሰው ባይት እንጂ ጽሑፍ አይደለም፤ ሳይፈተሽ ወደ ጽሑፍ ልቀይር ካላችሁ አንድ የተበላሸ ባይት ፕሮግራሙን ከነሥራው ይጥለዋል። የተጣሉትን ቁጥር በየደቂቃው አሳዩ። ሲነሳ አንድ መጣሉ የሚጠበቅ ነው፤ እየጨመረ ከሄደ ሽቦው ወይም ሰዓቱ ጋ ተመለሱ።

በሲሻርፕ ቁጥር ስትለውጡ ከባህል ነጻ የሆነውን ቅንብር ስጡት። ክፍልፋይን በነጥብ ሳይሆን በነጠላ ሰረዝ የሚጽፍ ቋንቋ በተጫነበት ኮምፒውተር ላይ «23.75» ሊሳሳት ይችላል። በሲ ለሊነክስ የምትጽፉ ከሆነ ደግሞ ፖርቱን መጀመሪያ ወደ ጥሬ ስልት አምጡት። ካላመጣችሁት ሲስተሙ እንደ ተርሚናል ይቆጥረውና 13ን ወደ 10 ሊቀይር፣ 17ንና 19ን እንደ «ቀጥል» እና «አቁም» ምልክት ወስዶ ሊውጥ ይችላል። በጽሑፍ ዳታ አይታወቅም፤ በባይነሪ ግን የተወሰኑ ቁጥሮች ብቻ እየመረጡ ሲጠፉ ታያላችሁ።

ግራፍ ሲጨመር የሚመጣ መዘግየት

ዳሳሹን በእጅ ትይዙታላችሁ፤ ግራፉ የሚነሳው ግን ከ10 ሰከንድ በኋላ ነው፤ ፕሮግራሙ በቆየ ቁጥርም ይብሳል። ይህ የሚሆነው እያንዳንዱን ንባብ ተቀብሎ ግራፉን እንደገና ለመሳል የሚወስደው ጊዜ በሁለት ንባቦች መካከል ካለው ሲበልጥ ነው። ያልተነበበው በባፈር ይከማቻል፤ እናንተ ሁልጊዜ የቆየውን ታያላችሁ። ባፈሩ ሲሞላ ደግሞ ባይቶች መጥፋት ይጀምራሉ።

ንባቡን በራሱ ትሬድ (ከዋናው ጎን ለጎን በሚሮጥ የፕሮግራም ክፍል) ላይ አድርጉት። እሱ ተቀብሎ፣ ፈትሾ ወደ ወረፋ ከማስገባት በቀር ሌላ ሥራ አይሥራ። ግራፉን የሚስለው ክፍል በሰከንድ 20 ጊዜ ያህል ይነሳ፤ ወረፋው ውስጥ ያገኘውን ሁሉ ጠራርጎ ያውጣና አንድ ጊዜ ይሳል። መስኮት ያለው ፕሮግራም ከሆነ ከንባቡ ትሬድ ላይ ሆናችሁ መስኮቱን በቀጥታ አትንኩ፤ አብዛኞቹ የመስኮት ላይብረሪዎች ይህን አይፈቅዱም፤ አንዳንዴ ይሠራል፣ አንዳንዴ ይወድቃል።

በባይነሪ መላክ

ሦስት ቻናል በሰከንድ 1000 ጊዜ ለመላክ ስትፈልጉ ጽሑፍ አይበቃም። «1023,1023,1023» ከማብቂያው ጋር 16 ባይት ነው፤ በሰከንድ 16000 ይሆናል፤ 115200 ባውድ የሚሸከመው 11520 ነው። በባይነሪ ሦስቱ ቁጥሮች 6 ባይት፣ ሲአርሲው 2፣ ማብቂያው 1፣ በድምሩ 9 ባይት ነው።

እዚህ ድንበሩ ይከብዳል፤ ባይት 10 ዳታው ውስጥም ሊኖር ስለሚችል ማብቂያ ሊሆን አይችልም። በ1988 በአርኤፍሲ 1055 (የኢንተርኔት ቴክኒክ ሰነድ) የተጻፈው የስሊፕ ዘዴ አሁንም ይሠራል። ማብቂያው 192 ነው። ዳታው ውስጥ 192 ካለ በምትኩ 219 እና 220 ይላካሉ፤ ራሱ 219 ካለ 219 እና 221። ስለዚህ መስመሩ ላይ የሚታይ 192 ምንጊዜም ማብቂያ ነው። ከላይ ያለው የማጠራቀሚያ ኮድ 10ን በ192 ከመተካት በቀር እንዳለ ይሠራል፤ መርማሪው ብቻ መጀመሪያ ጥንዶቹን ወደ ነበሩበት ይመልስ። ዳታው በ192 እና በ219 የተሞላ ከሆነ ፓኬቱ ወደ እጥፍ ስለሚጠጋ ባውዱን በህዳግ ምረጡ፤ ለዚህ ምሳሌ 250000 ተስማሚ ነው።

ቁጥሩ በየትኛው ባይት እንደሚጀምርም ተስማሙ። 2375 በኤቪአርም (ኤቲሜጋ328ፒ ያለበት የቺፕ ቤተሰብ) በኢኤስፒ32ም ሜሞሪ ውስጥ 71 ቀድሞ 9 ተከትሎ ይቀመጣል። በተቃራኒው ብታነቡት 18185 ይሆናል። በፓይተን «ስትራክት» ሞጁል ባይቶቹን ወደ ቁጥር ስትፈቱ ትንሹ ባይት እንደሚቀድም የሚገልጸውን ምልክት ከፊት ጻፉ፤ ይህ ምልክት ፓይተን በየመሃሉ ባዶ ባይት እንዳይጠብቅም ያደርጋል። በማይክሮኮንትሮለሩ በኩል የሲ ስትራክትን (የተለያዩ ቁጥሮችን በአንድነት የሚይዝ ጥቅል) እንዳለ መላክ ያጓጓል፤ አንድ ባይትና አንድ ባለ 32 ቢት ቁጥር የያዘ ስትራክት ግን በኤቪአር 5 ባይት፣ በኢኤስፒ32 8 ባይት ነው። ተራ ኢንቲጀርም በኤቪአር 16 ቢት፣ በኢኤስፒ32 32 ቢት ነው። ስፋታቸው በስማቸው የተጻፈ ዓይነቶችን ተጠቀሙ፤ አንድ በአንድም ላኩ።

ገመዱ ሲነቀል

ለሰዓታት የሚሠራ ፕሮግራም ገመዱ መነቀሉ አይቀርለትም። ፓይሲሪያል በዚህ ጊዜ ስህተት ይጥላል። ያዙት፣ ፖርቱን ዝጉ፣ ማጠራቀሚያውን ባዶ አድርጉ፣ በየሰከንዱ ለመክፈት ሞክሩ። መዝጋቱን ብትረሱ ሊነክስ አሮጌውን ስም ገና የተያዘ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ቦርዱ ተመልሶ ሲሰካ «ቲቲዋይ ዩኤስቢ 1» ይሆንና ፕሮግራማችሁ የሌለ ፖርት ያንኳኳል። ስሙን ኮድ ውስጥ ከመቅበር ይልቅ የፖርቶቹን ዝርዝር አይታችሁ በመሣሪያው የአምራችና የምርት ቁጥር ምረጡ። አንድ ዓይነት ሁለት ቦርድ ካላችሁ የመለያ ቁጥሩን ጨምሩ፤ ብዙ የሲኤች340 አዳፕተሮች ግን የመለያ ቁጥር የላቸውም፤ ለእነሱ የተሰኩበትን የዩኤስቢ ቀዳዳ መለያ አድርጉ። ወይም ላኪው ሲነሳ ስሙን ይናገር።

ፋይል ላይ ስትጽፉ ፓይተን በራሱ ባፈር ያቆየዋል፤ ፕሮግራሙ ድንገት ቢወድቅ የመጨረሻው ክፍል ይጠፋል። በየመስመሩ ወይም በየሰከንዱ «ፍላሽ» አድርጉ (ከባፈሩ አስወጡት)። ከተፈተሸው ፋይል ጎን ለጎን የደረሱትን ጥሬ ባይቶች ሳይነኩ የሚያስቀምጥ ሁለተኛ ፋይልም ክፈቱ። በ115200 ሙሉ ፍጥነት እንኳ በሰዓት 41 ሜጋባይት ገደማ ቢሆን ነው። አንድ ቀን መርማሪው ለምን መስመር እንደጣለ ስትጠይቁ ቦርድ ሳትሰኩ መልሱን ከዚያ ፋይል ታገኛላችሁ፤ ጥሬውን ፋይል በ1፣ በ7፣ በ64 ባይት ቁራጭ እየከፈላችሁ ለተቀባዩ ኮድ መግቡት። በሦስቱም የሚወጣው የመስመር ብዛት እኩል ካልሆነ ስህተቱ ያለው ቁራጮቹን ማጠራቀሚያው ላይ የምትቀጥሉበት ኮድ ውስጥ ነው።